አስራ ሁለት ቀሪ

ዕጣው ወጥቶ አልፏል። የጋሽ አንማው ሎተሪ
ከትልቁ ቀርቶ ከትንሹም ቀሪ።
"ቅደደው" አልኩት። እሱ ግን ትኬቱን
በባትሪ አብርቶ አየው ፊት ለፊቱን፤
"አንድ ሚሊዮን ሦስት" ብሎ አነበበ፣
የሰው ስም ይመስል፣ ቆሞ አሰበ።

ጀልባ ጠባቂ ነው፣ የወደቡ ዘበኛ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ክር ቆጥሮ
ጡረታ የወጣ፣ ሌሊት የማይተኛ።
እኔ ትኬት ቆራጭ፣ ለዘጌና ለደቅ፤
የተበላሸ ደረሰኝ ጀርባው ንጹሕ ነውና
አጠራቅምለታለሁ። እሱ እስኪነጋ ድረስ
ቁጥሩን ሊያካፍለው ይታገላል ገና።

መስከረም ሁለት ቀን ጀመረ፣ በሁለት፤
አንድ ተረፈው። በሦስትም አንድ። በአምስት፣ ሦስት።
በሰባት ሞከረ፣ አራት ቀረ። በአስራ አንድ፣ አራት።
በአስራ ሦስት፣ አራት!
"ባንኳኳሁ ቁጥር" አለ፣ "ያው ልጅ ነው የሚከፍት።"
በአስራ ሰባት ሲደርስ አስራ ሁለት ተረፈ፤
ልብ አላልነውም፣ ያም ሌሊት አለፈ።

"እስከ ስንት?" ስለው፣
"እስከ ሺህ" አለኝ፣ "እስከ ሺህ ይበቃል፤
ከሺህ ማዶ ሆኖ የሚቀዝፍ ካለ
ከሺህ ወዲህ ደግሞ ጓዱ ይቀዝፋል።"
ከሺህ በታች ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች
መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው፤
አንዳንድ ሌሊት ሰጣቸው።

"ምን ያደርግልሃል?"
ጥቂት ዝም አለና፣
"ሽምብጥ ያለውን የአባቴን መሬት
ወንድሞቼ ሲካፈሉት
እኔ ፈረቃ ላይ ነበርኩ፣ ማሽኑ ሥር ቆሜ፤
ሽማግሌው ስም ጠርቶ 'ቀሪ' ብሎ ጻፈ ከስሜ።
የማይካፈል ነገር ካለ
አንድ ቀን ልየው ብዬ ነው።"

የመስቀል ማግስት፣ በአምሳ ዘጠኝ ሌሊት፣
ዜሮ ወጣበት።
ጎህ ሲቀድ መጥቶ መስኮቴን መታ።
"ተካፈለ" አለኝ፣
"ዐረፈ" በሚባልበት ድምፅ።

የዘጌ ተሳፋሪ ተሰልፎ ቆሟል፤
መልስ የሚጠብቅ ዲያቆን እያጉረመረመ
እኔ ባንኮኒው ላይ አባዛሁት ደግሜ፤
አምሳ ዘጠኝ ጊዜ አስራ ስድስት ሺህ
ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ...
አልሞላም!
መስኮቱን ክፍት ትቼ ወደ ውኃው ሮጥኩ፣
"አስራ ሁለት ቀሪ አለ! አስራ ሁለት!"
ጀልባ ነጂው ይስማው ሞተሩን አጠፋ
ተሳፋሪ የቀረ መስሎት።
ሰው ሁሉ ዞሮ ባዶውን መንገድ ሲያይ
ጋሽ አንማው ብቻ ሳቀ፣
ደረሰኙን ይዞ ደረቱ ላይ።

ሕዳር ሲያልቅ አራት መቶ ስልሳ አንድ ደረሰ።
እምቦጩ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆኖ
ዳሩን ሲያለብሰው፣ ቀረሶው ከመረብ ሲሸሽ፣
የሱ ቁጥር ያው ነው፤ አይበዛ፣ አይቆረስ።

የካቲት አስራ ዘጠኝ። የመጨረሻው ሌሊት።
ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት።
ድርሻው ሺህ ሦስት።
ቀሪው አስራ ሁለት።
ያ የአስራ ሰባቱ፣ ያ የአምሳ ዘጠኙ፣
ይስማው ቆሞ የጠበቃቸው!
"መጣችሁ?" አለ ወደ ወረቀቱ፣ እንግዳ እንደሚቀበል።
ከዚያም ወደኔ ዞሮ፣ "ብቸኛ ነው።"
ሌላ ምንም አላለም።
ጣና እንደ ሁልጊዜው ድንጋዩን ይልሳል።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ ባዘለ ምሽት፣
"የሚቀጥለው ብቸኛ የት ነው?" አልኩት።
"አግኝቼዋለሁ" አለ፣ "ሠላሳ ይርቃል፤
መሐላቸው ያለው ሁሉ ይካፈላል።"

ተነሥቼ በዳር በዳሩ ሠላሳ እርምጃ ቆጠርኩ፤
ዋርካውን አልፌ፣
የተገለበጠውን ጣንኳ አልፌ፣
ጭቃው ጫማዬን እየያዘኝ።
ዞር ስል ባትሪው ይታያል፣
ጥፍር የምታህል ብርሃን።
"ደረስኩ!" ብዬ ተጣራሁ።

"እዚያው ቁሚ" አለ፣
"ልይሽ።"